ዘንገና ላይ 18 ሜትር 18 ሜትር አይደለም

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና እንጅባራን ለቆ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዘንገና ሐይቅ ይገኛል። እንጅባራን ነባሮቹ ዛሬም ቆሰበር ይሏታል። ሐይቁ በዛፍ የተከበበ፣ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ጣናን በጀልባ ያቋረጠ ሰው ኩሬ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ወደ ታች ሲለካ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጣና እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ለዘንገና የሚጠቀሰው ልክ 166 ሜትር ነው። እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ጉድጓድ ስለሆነ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከዳሩ ነው።

እንበልና አንድ የቆሰበር ልጅ፣ ኑሮው ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በአንዱ የሆነ፣ ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ወደ አገሩ መጣ። እዚያ በነበረበት የጠላቂነት ኮርስ ወስዷል። ሻንጣው ውስጥ የእጅ ሰዓት የሚመስል፣ ትንሽ ወፈር ያለ አዲስ ዕቃ አለ፤ ዳይቭ ኮምፒውተር ነው። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲበተን ዓይኑ ዘንገና ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ደረጃ ኮርስ እስከ 18 ሜትር ፈቅዶለታል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ታዲያ ምን ቸገረው?

የቸገረው ነገር ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው የምውለው ብሎ መውጣቱ ነው። ቆሰበር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የባሕር ዳርቻ አሠልጣኞች ለጀማሪ በመጀመሪያ የሚያሳዩት የጥልቀቱን ቁጥርና የቀሩትን ደቂቃዎች ነው፤ ለነሱ ቦታ ይበቃል። ለደገኛ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። የኛ ሰው ከሁሉ በፊት ሊማረው የሚገባው ከፍታ የሚነገርበትን ቁልፍ ነው።

ደገኛ ስለ አየር ግፊት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ቆሰበር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዙሪያዋ ያለው የባንጃ ወረዳ ድንች እስኪበስል፣ ባቄላውም ንፍሮ እስኪሆን ከቆላው ይልቅ የሚቆየው ለዚህ ነው። ከመተማ የተጫነ ብስኩት ቆሰበር ሲደርስ ማሸጊያው ተነፍቶ ይገኛል። ከላያችን የሚጫነን አየር አንሷል። በባሕር ወለል ላይ 1,013 ሚሊባር የሆነው ግፊት 2,500 ሜትር ላይ 750 ሚሊባር አካባቢ ይሆናል። ሩቡ የለም ማለት ነው።

ይህ የጎደለ ሩብ ለድንቹ ጊዜ ይጨምራል፤ ከጠላቂው ላይ ግን ጊዜ ይቀንሳል።

ጠላቂ ከሲሊንደሩ የሚተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ የዚያ አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ሰውየው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግፊቱ ናይትሮጂኑን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይገፋዋል። ሲወጣ ይኸው ጋዝ ቀስ እያለ በሳንባ በኩል መውጣት አለበት። ቸኩሎ ከወጣ ግን የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት የሚሆነው ይሆናል፤ የሟሟው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይነሳል። አረፋው መገጣጠሚያ ውስጥ ከተነሳ ያሠቃያል፤ አከርካሪ ውስጥ ከሆነ ሽባ ሊያደርግ፣ ሲከፋም ሊገድል ይችላል። ሕክምናው ሰውየውን ልዩ የግፊት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ኦክስጅን እየሰጡ ግፊቱን መመለስና እንደገና በዝግታ ማውረድ ነው። ያንኑ የአምቦ ጠርሙስ ደጋ ላይ ስንከፍተው ደግሞ ባሕር ጠረፍ ላይ ከምንከፍተው ይበልጥ ይገነፍላል፤ ውጪ የሚጠብቀው ግፊት አነስተኛ ስለሆነ።

ይህን ሒሳብ መጀመሪያ በወጉ የሠራው እንግሊዝ ውስጥ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ጆን ስኮት ሃልዴን ነው። ፍየሎችን የግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባና እያስወጣ፣ የትኛዋ እንዳነከሰች እየተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን አስተማማኝ ሠንጠረዥ አወጣ። (ፍየል ለሳይንስ የከፈለችውን እስካሁን በወጉ ያመሰገናት የለም።) ሃልዴን ሰውነትን በሐሳቡ አምስት ቦታ ከፈለው። እንደ ስኒ ቶሎ የሚሞላ አለ፣ እንደ ማሰሮ የሚዘገይ አለ፣ እንደ ጋን እስኪሞላም እስኪጎድልም ሰዓታት የሚፈጅ አለ። ዛሬ በብዙ ጠላቂዎች እጅ ላይ ያለው ኮምፒውተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስኒውንም ጋኑንም በየሴኮንዱ እየቆጠረ።

ቆጣሪው በእጅ የሚያዝ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኦርካ ኤጅ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ዴኮ ብሬን የተባሉ መሣሪያዎች ለገበያ ቀረቡ። ለደገኛ አንባቢ ግን ከእነዚህ ይልቅ የሚጥመው የዙሪኩ ሐኪም የአልበርት ቡልማን ታሪክ ነው። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም። ጠላቂዎቿ የሚገቡት ተራራ ላይ ባሉ ሐይቆች ውስጥ ነው፤ በባሕር ሠንጠረዥ መሄድ ደግሞ አደጋ ነበረው። ቡልማን ዓመታት ወስዶ ከፍታን ራሱን ሒሳቡ ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣው ሠንጠረዡ ሁለት ገጽታ ነበረው፤ አንዱ ከ0 እስከ 700 ሜትር፣ ሌላው ከ701 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዘዴው 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የቲቲካካ ሐይቅ ተፈትኖ ያለ ችግር አለፈ። ሰውነትን 16 ቦታ የሚከፍለው የቡልማን ሒሳብ እስከ ዛሬ የብዙ ዳይቭ ኮምፒውተሮች አንጎል ነው። ባሕር የሌላት አገር ሐኪም ለተራራ ሐይቅ ብሎ ያሰላውን ሒሳብ እኛ ደገኞች በባሕር ልክ አስረን እንጠቀምበት ማለት እንግዲህ ያሳዝናል።

ወደ ዘንገና እንመለስ። ባሕር ላይ 10 ሜትር የወረደ ሰው ላዩ ላይ ከነበረው እጥፍ ግፊት ያገኘዋል። ዘንገና ላይ እጥፍ ለመሆን 7 ሜትር ተኩል ይበቃል። መነሻው ዝቅ ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ ሜትር ከባሕሩ ሜትር ይበልጣል። ውሃው ጨው አልባ በመሆኑ ትንሽ ይቀለናል፤ ያም ሆኖ ሒሳቡ ሲሠራ ዘንገና ላይ 18 ሜትር ወርዶ የሚወጣ ሰው ባሕር ላይ 24 ሜትር ገደማ ወርዶ ከሚወጣ ሰው ጋር እኩል ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ፓዲ በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ 18 ሜትር ላይ የሚፈቀደው ረጅሙ ቆይታ 56 ደቂቃ ነው። 24 ሜትር በሠንጠረዡ የለም፤ ሕጉ ወደሚቀጥለው ጥልቀት፣ ወደ 25 ሜትር፣ ሂድ ይላል። እዚያ የተጻፈው 29 ደቂቃ ነው። የቆሰበር ልጅ ኮምፒውተሩን በባሕር ልክ አስሮ ከገባ ጊዜው ካለቀ በኋላም «ገና አለህ» ሲለው ይቆያል ማለት ነው።

ዕቃውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለጀማሪ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ የፊንላንዱ ሱንቶ ኩባንያ ዙፕ ኖቮ ነው። አራት ቁልፍ አለው። ከማስተካከያዎቹ መሐል ሦስት ደረጃ ያለው አንድ ክፍል ይገኛል፤ ኤ0 እስከ 300 ሜትር፣ ኤ1 ከ300 እስከ 1,500፣ ኤ2 ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ። ደረጃው ከፍ ሲል መስኮቱ ላይ ትንሽ የተራራ ምልክት ትታያለች። ሰውየው አዲስ ከፍታ ላይ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይቆይ እንዳይጠልቅም መመሪያው ይመክራል፤ ሰውነቱ ከቆላው ይዞት የመጣውን ትርፍ ናይትሮጂን እስኪያራግፍ። ሠንጠረዥ የሚከተሉ አሠልጣኞች ስድስት ሰዓት ይላሉ። (በዚህ በኩል ቆሰበር ተወልዶ ቆሰበር የሚኖር ሰው ከእንግዳው ይሻላል፤ ሰውነቱ ከቦታው ጋር አስቀድሞ ተስማምቷል።) ሌሎች ዓይነቶች የአየሩን ግፊት ራሳቸው አንብበው ይስተካከላሉ። ችግሩ ጀማሪ የያዘው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አለማወቁ ነው፤ የተከራየው ከሆነማ ጨርሶ አይጠይቅም።

ይህን ለመማር ውሃ አያስፈልግም። ቆሰበር አስፋልት ዳር ካሉት ቡና ቤቶች አንዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቡናው እስኪመጣ ድረስ የእቅድ ገጹን መክፈት ይበቃል። ገጹ በየሦስት ሜትሩ ጥልቀት ስንት ደቂቃ እንደሚፈቀድ እየቆጠረ ያሳያል። መጀመሪያ በኤ0 ማየት፤ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ መጻፍ፤ ቀጥሎ ወደ ኤ2 ቀይሮ እንደገና ማየት። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጠፋው ሩብ አየር በዓይን ይታያል። እንዲህ ያለውን ግማሽ ሰዓት ጀልባ ላይ የሚሰጥ ጥድፊያ የበዛበት ገለጻ አይተካውም።

ሁለተኛው የጀማሪ ስሕተት የበለጠ የኛን አገር ጠባይ ይመስላል። ዕቃ ማዋስ እንወዳለን። ጠዋት አንዱ ያሰረውን ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ለወንድሙ ይሰጠዋል። ጥር 23 ላይ ፈረስ ያዋሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጠዋት የጋለበ ፈረስ ድካሙን ይዞ ወደ አዲሱ ጋላቢ ይሄዳል፤ ጋላቢውም ያንን እያየ ይቆጥበዋል። በኮምፒውተሩ ግን ነገሩ ይጣመማል። ዕቃው ደም አይለካም፤ የሚለካው ግፊትና ጊዜ ብቻ ነው። የሚያስታውሰውም ራሱ የወረደበትን ጥልቀት ነው። ለሁለተኛው ሰው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ሰው ናይትሮጂን ነው። ጠዋት ያለ ኮምፒውተር የጠለቀ ሰው ከሰዓት በኋላ ከሳጥኑ የወጣ አዲስ ቢያስር ደግሞ ኮምፒውተሩ ሰውየው ሲጠልቅ የመጀመሪያው ነው ብሎ ያምናል። አንድ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን። ባልና ሚስትም ቢሆኑ።

«ጓደኛዬ ኮምፒውተሩን እያየልኝ ነው» የሚለውም ያው ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢዋኝ እንኳ አንዱ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆያል።

መሣሪያው መቆጣትም ያውቃል። ጠላቂው በደቂቃ ከ10 ሜትር በላይ ፍጥነት ሲወጣ ሱንቶው ቀስ በል የሚል ቃል እያበራ ይጮኻል። በመጨረሻው አምስት ሜትር አካባቢ ሦስት ደቂቃ ቁም ይላል። ናይትሮጂኑን እያራገፈ እንዲቆይበት የታዘዘለትን ቦታ (የዲኮምፕሬሽን ማቆሚያ) ጥሶ የወጣን ሰው ደግሞ ለ48 ሰዓት ሒሳብ አልሠራልህም ብሎ ይዘጋበታል። አንዳንዱ ጀማሪ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ይለምናል። የተዘጋው ግን ሰውየው መጥለቅ ስለሌለበት ነው። የቀሩት ደቂቃዎችም ቢሆኑ ዜሮ እስኪደርሱ የሚበሉ ስንቅ አይደሉም፤ ሒሳቡ ግምት ስለሆነ ገደቡን ሳያልፉ የታመሙ ጠላቂዎች አሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ኮርሶች ግን ብዙም አይነኩትም። ወደ ቤት መመለስ ነው። ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን አለመሳፈር የታወቀ ነው። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋም አንዴ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ቆይታ ይመክራል። ብዙ ኮምፒውተሮችም ጊዜው እስኪያልፍ ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት ያሳያሉ። ምክንያቱ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,438 ሜትር ተራራ ላይ ካለው ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል ነው። አሁን ይህን ቁጥር ከቆሰበር ጋር ያስተያዩ፤ ቆሰበር ትበልጣለች። ቦይንግ 787 ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከ1,830 ሜትር ከፍታ እንዳይበልጥ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ለደገኛ ማረፍ ራሱ መውጣት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ጂቡቲ ወርዶ ሲሊንደር አዝሎ የጠለቀ ሰው «በአውሮፕላን አልሄድም፣ በመኪና ወይም በባቡር ነው የምመለሰው» ቢል ራሱን ሊያታልል ነው። ባቡሩም መኪናውም ከባሕር ወለል ተነስተው ደጋ ላይ ነው የሚያወጡት። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የአውሮፕላን ሥዕል ስለሆነ አዲሱ ጠላቂ መንገዱን አይጠረጥርም። አሠልጣኞች ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ያንን ሥዕል «ደጋ» ብለው ቢያስነብቡት ይሻል ነበር።

«ባሕር የሌለው አገር ስለዚህ ምን አስጨነቀው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ከመዝናኛ ውጪ ያለ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች በክረምት ጎርፍ የወሰደውን፣ ኩሬና ጉድጓድ የዋጠውን ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚሠሩባት ከተማ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዓለም ልማድ ከ300 ሜትር በላይ ባለ ውሃ ውስጥ የተደረገ ሁሉ የከፍታ ሕግ ይመለከተዋል። በዚህ መስፈርት ጣናም፣ የቢሾፍቱ ሐይቆችም፣ አባያና ጫሞም የከፍታ ውሃዎች ናቸው፤ ከታላላቅ ሐይቆቻችን የሚያመልጡት አፋር ውስጥ ዝቅ ብለው የሚገኙት ናቸው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ጠላቂ አገሩ ላይ ሲሠራ የባሕር ሠንጠረዥ ለሱ አልተጻፈለትም።

ቆሰበር ላለችበት ለአዊ ዞን ደግሞ ጉዳዩ ከደጃፉ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቁ ሲሞላ 640 ሜትር ከፍታ ላይ ይተኛል። እንዲህ ያለ ግድብ በየትም አገር ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ውስጥ ፍተሻ ይፈልጋል፤ በሮቹ፣ ፍርግርጎቹ፣ ኮንክሪቱ ይታያሉ። ከግድቡ ወደ መሐል አገር ከሚያወጡት መንገዶች አንዱ ከጉባ በግልገል በለስና በቻግኒ አድርጎ ቆሰበር ላይ ከአዲስ አበባው አስፋልት ጋር ይገጥማል። ከሐይቁ እስከ ቆሰበር 1,920 ሜትር ሽቅብ ነው፤ ያውም በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላቂዎች መመሪያ ከጠለቁ በኋላ ወደ ከፍታ ከመውጣት በፊት ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚገባ የሚናገር ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ አለው። ይህንን በአማርኛ ተርጉሞ ለሚጠልቀው ሠራተኛም ለሾፌሩም መስጠት ብዙ ወጪ የለውም። ሾፌሩን መርሳት አይገባም፤ ጠላቂው ራሱ «ደኅና ነኝ፣ ንዳው» ሊለው ይችላል።

ዘንገናን የሚያስተዳድሩትም ቢሆኑ ነገ አንድ ባለ ሲሊንደር እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቁትን ከአሁኑ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። የኮርስ ወረቀቱን፤ በከፍታ መጥለቅ መማሩን፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተራራዋ ምልክት መኖሯን፤ ቆሰበር ከገባ ስንት ሰዓት እንደሆነው፤ ሲጨርስም ወዴት እንደሚሄድ። ወደ ባሕር ዳር ከሆነ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ በዚህ በኩል አያሰጋም። ከቆሰበር ከፍ ወዳለ ተራራ ከሆነ ይደር። ጠዋት የሕዳሴው ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ የወጣ ሠራተኛም ያን ቀን ቻግኒን አይለፍ ማለት አይበቃም፤ ጉባ ይደር።